ያለ ጉዳይ መራመድ

አንድ ቀን ጠዋት እናቴን በግቢያችን ውስጥ ከበረንዳው እስከ ውሃ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ በረንዳው ሳመላልሳት መሃል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ሁለት እጆቿ ባለ አራት እግሩን መደገፊያ ብረት ጨብጠዋል። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፤ ላነሳላት ስጠጋ በዓይኗ መለሰችኝ።

«እኔ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው እማዬ? ስፖርት እኮ ነው።»

«ስፖርት!» አለችና ቃሉን አላምጣ የተፋችው መሰለኝ። «ሰው ጉዳይ ሳይኖረው ወዲያና ወዲህ የሚለው ወይ ሲያብድ ነው ወይ ሲታሰር። እኔ የትኛው ነኝ?»

«በቃ ትንሽ ነው የቀረሽ፤ በርቺ» አልኳት። እሷም ብረቱን እየገፋች ወደ ቧንቧው ሄደች፤ የሄደችው ግን ስላሳመንኳት አልነበረም። ከእኔ ጋር መከራከር አድክሟት ነው።

ክረምቱ መሃል ላይ ነበር የወደቀችው። ፈረንሳይ ሰፈር፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ያለው ቤታችን በር ላይ ጭቃው አንሸራተታትና የዳሌዋ አጥንት ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው በደህና አለቀ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ «አጥንቱን እኛ ገጥመነዋል፤ የሚያቆማቸው ግን መራመዳቸው ነው» አለኝ። «እስከ ገና ድረስ በእግራቸው ካልሄዱ ከአልጋ አለመነሳታቸው ያሰጋኛል። በዚህ ዕድሜ አልጋ ላይ የቀረ ሰው ደግሞ…» አልጨረሰውም። እንዲጨርሰውም አልፈለግሁም።

አባቴ የሞተው በተቀመጠበት ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ መስኮት ሥር ካለች ወንበሩ የሚያስነሳው ነገር ጠፋ፤ አንድ ቀን ከሰዓት ልቡ ቀጥ አለች። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ የሚባል ነገር ያስፈራኛል። ለእናቴ ደግሞ አንድ ነኝ፤ ወንድም የለኝ እህት የለኝ። ጉርድ ሾላ ያለውን የኮንዶሚኒየም ቤቴን ቆልፌ፣ ሁለት ሻንጣ አንጠልጥዬ እናቴ ዘንድ ገባሁ። ሥራ የምሄድበትን ሰዓት ግቢያችን ውስጥ የተከራየችው ሴት ትሸፍንልኛለች፤ የቀረው የእኔ ነው። በሆዴ የማልኩት መሐላ ነበር፤ ይቺ ሴት አልጋ ላይ አትቀርም፣ ብትወድም ባትወድም አስነሳታለሁ።

እኔን ሰው «ስፖርተኛ» ይለኛል። ቅዳሜ ጠዋት ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር እንጦጦ ፓርክ ወጥተን እንሮጣለን። ብርድ ሆነ ጭጋግ ሆነ አልቀርም። ግን እውነቱን ለመናገር ሩጫን ወድጄው አላውቅም። የምወደው መጨረሱን ነው። ከመኝታዬ መነሳት ያስጠላኛል፣ ዳገቱ ላይ ደረቴ ሲቃጠል ማንን እንደምሳደብ ሳላውቅ እሳደባለሁ፣ ስጨርስ ‹እሰይ ተገላገልኩ› እላለሁ። የቀረሁ ዕለት ደግሞ አንድ ወንጀል እንደሠራ ሰው ቀኑን ሙሉ ፊቴ ጠቁሮ እውላለሁ።

ከመካከላችን አንዲት የሒሳብ ክፍል ባልደረባ አለችን። ሰፋ ያለች ሴት ናት፤ ሁልጊዜም መጨረሻ ናት። በየመታጠፊያው ቆማ ከተማውን ቁልቁል ታያለች፣ ከማታውቀው ሰው ጋር ወሬ ትጀምራለች፣ ዛፍ ሥር ለተቀመጡ ፍቅረኞች «አይለያችሁ!» ብላ ትመርቃለች። ላብ አጥምቋት ስትደርስ በየሳምንቱ የምትለው አንድ ነው፤ «ኧረ ዛሬስ እንዴት ደስ ይላል!» እኔ ከእሷ በፊት ደርሼ፣ ሰዓቴን አይቼ፣ ካለፈው ሳምንት ዘግይቼ ከሆነ ከንፈሬን ነክሼ እጠብቃታለሁ። ‹ይህቺ ሴትዮ ለሽርሽር ነው የመጣችው› እላለሁ በልቤ። ያንኑ ዳገት ወጥተን፣ ያንኑ ብርድ ጠጥተን፣ እሷ ሳቅ እኔ ኩርፊያ ይዘን ለምን እንደምንወርድ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ እናቴ የወደቀችው እንዲህ ባለሁት በእኔ እጅ ነው። ጠዋት ከቁርስ በፊት፣ ከሰዓት፣ ደግሞ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አስነሳታለሁ። «ቀጥ በይ፣ ደረትሽን ንፊ፣ ወደ መሬት አትዪ።» ጥሩ ስትሄድ «ጎበዝ!» ስላት፣ «የማንን ልጅ ነው የምታሞኚው?» ትለኛለች። አንዳንዴ ታለቅሳለች። ሕመሙ ነው እያልኩ ማስታገሻ እሰጣታለሁ። መድኃኒቱ ሕመሙን ያስታግሰዋል፤ እሷ ግን ማልቀሷን አትተውም።

ጠያቂው ደግሞ አይቋረጥም። የሚመጣው ሁሉ ተቀምጦ፣ እግሯን አይቶ፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ያችኑ ተረት ይተርታል። «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው። በኋላ አንድ የሩቅ ዘመዳችን መጥቶ «ቀስ በቀስ…» ብሎ ሲጀምር እናቴ አላስጨረሰችውም።

«ወንድሜ፣ እኔ እንቁላል ነኝ?» አለችው።

ሰውየው ደነገጠ። እኔ ወጥቼ ጓዳ ውስጥ ሳቅሁ። ያን ሰሞን ከሳቅሁባቸው ጥቂት ቀኖች አንዱ ነው።

ሰፈሩ ግን ክፉ አይደለም፤ ደግነቱ በዛ እንጂ። እናቴ ከመውደቋ በፊት አንድም ቀን ቤት ውላ የማታውቅ ሴት ነበረች። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ጉሊት፣ ከዚያ የታመመ ጥየቃ፣ ከዚያ ለቅሶ። ስትወድቅ ይህ ሁሉ እሷ ዘንድ መጣ። ጠበሉን አንዷ ጎረቤት ከእንጦጦ ማርያም በጀሪካን ታመጣላታለች። የንስሐ አባቷ ቤት ድረስ መጥተው ይጸልዩላታል። ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጠው ሴት በር ላይ ቆማ «እትዬ፣ ምን ልስጥዎት?» ትላለች። «እርስዎ ብቻ አይነሱ!» የሁሉም ቃል ይህ ነበር። እኔ ተነሺ እላለሁ፣ አገሩ ሁሉ አትነሺ ይላል። እሷም ብትነሳ የምትሄድበት ቦታ አልቀረላትም፤ ሁሉም ተሸክሞ አምጥቶላታል።

ከሁሉ የባሰው የማኅበሩ ነገር ነው። እናቴ የማርያም ማኅበር አላት፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ። ወር በገባ በሃያ አንድ በአንዷ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ቄሱ ይጸልያሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ጽዋው ይቀመሳል። ከዚያ የዕለቱ ባለተራ ጽዋውን ለሚቀጥለው ወር ባለተራ ታስረክባለች። ተረካቢዋም ያቺን ጠላ የሞላች፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነች የሸክላ ጽዋ ይዛ፣ ጥቂት ሴቶች አጅበዋት፣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። እስከሚቀጥለው ሃያ አንድ ድረስ ጽዋዋ እሷ ቤት ትከርማለች። ነገሩ ይኸው ነው። ተራዋ የሚደርሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለሆነ ግን እናቴ ለዚያ ድግስ ከዓመት በፊት ነበር ማሰብ የምትጀምረው።

ጥቅምት ላይ ተራዋ ደረሰ። ሴቶቹ ተሰብስበው መጡ፤ የማኅበሩ ሙሴ የሆኑት፣ ማለት አለቃቸው፣ ከፊት ናቸው። አልጋዋ ዙሪያ ተቀመጡና፣ «እህታችን፣ አንቺ እንዳትጨነቂ። ተራሽን ዘለነዋል፤ ለሌላ ሰጥተነዋል። አንቺ ብቻ ተኚ፣ ዳኚልን» አሏት። እኔ እዚያው ቆሜ ስሰማ እፎይ አልኩ። አንድ ሸክም ቀለለልኝ። ድግሱን ማን ይችለዋል!

እናቴ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ክበሩልኝ» አለች። ሴቶቹ ሲወጡ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

ከዚያ ቀን በኋላ መራመድ ተወች። በፊት እያለቀሰችም ቢሆን ትሄድ ነበር፤ አሁን አታለቅስም፣ አትሄድምም። ጠዋት «ራሴን» ትላለች፣ ከሰዓት «ሆዴን» ትላለች፣ ሲመሽ «ነገ» ትላለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት። አንድ ጊዜ እንዲያውም «እንደ አባቴ ልትሆኚብኝ ነው?» ብዬ ጮህኩባት። ዓይኗን ጨፈነች። ሌሊት ሌሊት ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም፣ ፈራሁ።

በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣ የሚያሠራት ፊዚዮቴራፒስት ወጣት ልጅ ነው፤ ትሕትናው ደስ ይላል። አንድ ቀን እግሯን አጣጥፎ ዘርግቶ ሲጨርስ፣ «እናቴ፣ ከሁሉ የናፈቅዎት ምንድን ነው? ምን ለመሥራት ነው መነሳት የሚፈልጉት?» አላት።

እናቴ እኔን አየችኝ። ከዚያ ጣሪያውን አየች። «ምንም» አለች።

ልሸኘው በር ድረስ ስወጣ ልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጡንቻቸው እሺ ብሏል» አለኝ። «እምቢ ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ለዚህ የሚሆን እንቅስቃሴ አላውቅም።»

እሁድ ዕለት ፀጉሯን ልሠራላት በረንዳ ላይ አስቀመጥኳት። ድሮ እሷ ነበረች እኔን በጉልበቶቿ መሃል አስቀምጣ የምትሠራኝ፤ አሁን መሬት መቀመጥ ስለማትችል ወንበር ላይ ሆና እኔ ከኋላዋ ቆምኩ። ቅቤ ቀብቼ፣ በማበጠሪያ እየከፈልኩ፣ ቀስ ብዬ እጎነጉናለሁ። ፊቴን ስለማታየው ይሆናል የተናገረችው።

«ተራ የሚዘለለው» አለች፣ «የሞተ ሰው ነው።»

እጄ ፀጉሯ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ስንት ዘመን በማኅበር ኖሬያለሁ። ያረገዘች አልተዘለለች፣ ያዘነች አልተዘለለች፣ የተሰደበች የተጣላች አልተዘለለች። አሥራት ከፍላ የማታውቅ ደሃ እንኳ ጎረቤት አዋጥቶላት ተራዋን አውጥታለች። እኔን ግን ዘለሉኝ። በደግነት! በደግነት ሲሆን መቆጣትም አይቻልም።»

እንባዬ ፀጉሯ ላይ እንዳይወርድ ፊቴን አዞርኩ። ያን ቀን እፎይ ያልኩት ትዝ አለኝ። «ተራሽን ብናስመልሰውስ?» አልኳት።

ጉንጉኑን ጨርሼ ጫፉን በክር ሳስር ነው የተናገረችው።

«ጽዋ በመኪና አይሄድም» አለች።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሙሴዋ ቤት ሄድኩ። ቤታቸው ከእኛ በላይ ነው፣ ዳገቱ አፋፍ ላይ። ነገሩን ስነግራቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ለእሷው ብለን እኮ ነው የኔ ልጅ! ጠላው አለ፣ ዳቦው አለ፣ እንግዳው አለ። በዚያ እግሯ?»

«ድግሱን እኔ አለሁልዎት። እሷ የምትፈልገው ጽዋውን በእጇ ተቀብላ ወደ ቤቷ መሄድ ነው።»

«በእግሯ?»

«በእግሯ።»

መቋሚያቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ፈገግ አሉ። «እንግዲህ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። የጥር ባለተራ እኔ ነኝ። በአስተርዮ ትምጣና ከእጄ ትውሰድ።»

ለእናቴ ስነግራት «ይሁን» ብቻ አለች። በማግስቱ ጠዋት ግን ገና ከእንቅልፌ ሳልነቃ የብረት ኳኳታ ሰማሁ። ደንግጬ በሩን ከፍቼ ወጣሁ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መደገፊያዋን ይዛ፣ ግቢው መሃል ደርሳለች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«የወደቅሁበትን ቦታ ላየው ነው» አለችኝ። «አንቺ ቁርስሽን ብይ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አለቃዋ እሷ ሆነች። ለወጣቱ ፊዚዮቴራፒስት፣ «ስማ ልጄ፣ ይሄን ብረት የምጥለው መቼ ነው? በአንድ እጄ ምርኩዝ፣ በአንድ እጄ ጽዋ ነው የምይዘው» ስትለው ልጁ ወደ እኔ ዞሮ ዓይኑ በራ። ቁልቁለት ለእሷ ከዳገት እንደሚከፋ፣ የትኛው እግር እንደሚቀድም፣ ምርኩዙ በየትኛው እጅ እንደሚሆን አስረዳት። ሁሉንም ጠየቀች፣ ሁሉንም ተከራከረች። «በቀኝማ ጽዋውን ነው የምይዘው» አለች። የተሰበረው ቀኟ ስለነበር ምርኩዙ በግራ ይሁን ተባለና ተስማሙ።

ኩባያ ሙሉ ውሃ ይዛ መለማመድ ጀመረች። ከበረንዳው እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ በረንዳው፤ ያቺው እስር ቤት ነው ያለቻት መንገድ። ውሃው ደረቷ ላይ ሲፈስ «ወይ ጉድ! የማርያምን ጽዋ ባዶዋን ላደርሳት ነው» ትልና ትስቃለች። እናቴ በስፖርት ላይ ስትስቅ! የግቢውን በር ደፍ ብቻዋን የተሻገረች ዕለት ለተከራይዋ ነገረች፣ ለሽንኩርት ሻጯ ነገረች፣ እኔን ቢሮ ስልክ ደውላ ነገረችኝ። ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ወጥቼ አነሳሁ።

ሕመሙ አልቀነሰም። ይህን አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፣ አብሬያት ነበርኩና። ማታ ማታ ዳሌዋ ያው ያማታል፣ ቁርጭምጭሚቷ ያው ያብጣል፣ ማስታገሻውም ያው ነው። ፊቷ ነው የተለወጠው። ቀድሞ አንድ ርምጃ ስትሄድ ‹ይህን ለምን ታደርጉኛላችሁ› የሚል ፊት ነበራት፤ አሁን አልጫ ወጥ ላይ ጨው እየመጠነች እንዳለች ሴት ግንባሯ በሥራዋ ላይ ነው። አንድ ቀን «ዛሬ አልሄድም» አለችኝ። እንደ ድሮዬ ልነዘንዛት አፌን ከፍቼ፣ ምን እንደከለከለኝ አላውቅም፣ ተውኳት። ከሰዓት ተነስታ ራሷ ሄደች። ያን ቀን «ጎበዝ» አላልኳትም። ልላትም አላስፈለገም።

ገና ደረሰ። ሐኪሙ አያት፣ ደስ አለው፣ «እሰይ፣ አልፈዋል» አላት። እሷ ግን የሐኪሙን ፈተና ከቁብም አልቆጠረችው። የእሷ ፈተና ጥር ላይ ነው።

በእነዚያ ሳምንታት አንድ ቅዳሜ እንጦጦ ወጣሁ፤ ለወራት ቀርቼ ነበር። ደከመኝና ከኋላ ቀረሁ፤ ከዚያች ከሒሳብ ክፍሏ ባልደረባዬ ጋር። ባሕር ዛፉ ውስጥ ለውስጥ እየተራመድን፣ «ቆይ፣ አንቺ ግን ለምንድነው የምትመጪው?» አልኳት። ዓመት ሙሉ አብሬያት ስወጣ ጠይቄያት የማላውቀውን ነው የጠየቅኳት።

«እንዴ!» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ቤት ማን ያወራኛል? ልጆቼ ስልካቸው ላይ ናቸው። ቢሮ ደግሞ ‹ሪፖርቱ የታለ› ነው። እዚህ ቢያንስ የሚጠብቀኝ ሰው አለ፤ ማንም አይቆጣኝም፤ አምና እዚህ ጋ ሦስት ጊዜ ነበር የማርፈው፣ አሁን ሳላርፍ አለፍኩት፣ አላየሽም? አንቺስ?»

«ለጤና» አልኩ። እሱም አፌ ላይ ጎመዘዘኝ። «ላለመሞት» አልኩ።

ቆመችና አየችኝ፤ ከዚያ በሳቅ ፈረሰች። «ታዲያ እንዴት ደስ ይበልሽ!»

እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቃሏ ውስጤ ገባ። እኔ እስከዛሬ የምሮጠው ከአባቴ ወንበር ነበር። በሮጥኩ ቁጥር ወንበሩ ከኋላዬ ነው፣ ባረፍኩ ቁጥር ይቀርበኛል። ይህንኑ ፍርሃት ነው ለእናቴ ‹ስፖርት› ብዬ የሰጠኋት፤ እሷ ደግሞ የራሷ ጉዳይ እስኪገኝላት ድረስ አልቀበልም አለች። ልክ ነበረች። ይህን ማወቄ ሩጫውን አላስወደደኝም፤ ዳገቱ ዛሬም ደረቴን ያቃጥለዋል። ነገር ግን ያን ቀን ስንደርስ ሰዓቴን ማየት ረሳሁ፤ ወሬ ይዘን ነበር።

አስተርዮ ማርያም ደረሰች። የሰፈሩ ልጆች ነጭ በነጭ ሆነው በማለዳ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ። እኛ ከሰዓት በመኪና ሙሴዋ ቤት ሄድን። መውጣቱ በመኪና እንዲሆን ስንት ተከራክረን ነው የተስማማችው፤ «ባዶ እጄን ስወጣ ይሁን» ብላ። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ተበላ ተጠጣ። ከዚያ ሙሴዋ ጽዋዋን አንስተው «ነይ እህቴ፤ በሰላም ታድርስሽ» አሏት። እናቴ ምርኩዟን ተመርኩዛ ስትነሳ ቤቱ ሁሉ አብሮ ተነሳ። ጽዋዋን ተቀብላ ከደረቷ አስጠጋቻት።

ወጣን። አንዷ ሴት ጧፍ አብርታ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ ዝግ ባለ ድምፅ እየዘመሩ። ቁልቁለቱ ኮብልስቶን ነው፤ አንዳንድ ቦታ ድንጋዩ ወልቆ አፈር ሆኗል። ክርኗን ጥብቅ አድርጌ ይዣለሁ። ድንጋይ ሳይ «ቀኝሽን ተጠንቀቂ፣ እዚህ ጋ ዝቅ ይላል፣ ቀስ» እላለሁ። ሴቶቹ ለእርምጃዋ ብለው ዝማሬውን አዘገዩት። ማንም አልቸኮለም። በር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ተነስተው ቆሙ።

መሃል ላይ፣ መንገዱ ይበልጥ ቁልቁል በሚሆንበት ቦታ፣ ቆመች። ደክሟት መስሎኝ «ልቀበልሽ?» ብዬ እጄን ወደ ጽዋው ዘረጋሁ።

«ልቀቂኝ» አለችኝ።

«እማዬ፣ እዚህ ጋ እኮ…»

«ልጄ፣ ልቀቂኝማ። አንቺ ስትይዢኝ የማስበው መውደቄን ነው።»

ሙሴዋን አየኋቸው። በዓይናቸው «ልቀቂያት» አሉኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከክርኗ አላቀቅኋቸው። ትንሽ ተወዛወዘች። ምርኩዟን ተከለች፣ ቀኟን አስቀደመች፣ ከዚያ ግራዋን። ከዚያ ደግሞ። ከጨርቁ ሥር ጥቂት ጠላ ፈስሶ ቀሚሷ ላይ ወረደ፤ አላየችውም። ዝማሬው ከፍ አለ። እኔ እጄን እንደዘረጋሁ ከኋላዋ ተከተልኩ፤ እጄን የት ላድርገው?

ቤት ስንገባ ጽዋዋን ከጠዋት ጀምሮ ባሰናዳችላት ጠረጴዛ ላይ አኖረቻት። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሳው ነበር። ሴቶቹ ቆሎ ቆርጥመው፣ መርቀው፣ ለየካቲት ሃያ አንድ ተቀጣጥረው ሲሄዱ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ እግሯ አብጧል። ውሃ አሙቄ በሳፋ አቀረብኩና እግሯን ማሸት ጀመርኩ።

«በይ እንግዲህ» አለችኝ ቁልቁል እያየችኝ፣ «አንቺም ወደ ቤትሽ ግቢ። ቤትሽን አቧራ በላው።»

«እማዬ ገና እኮ ነው፤ ማን ያስነሳሻል?»

«ማን አስነሳኝ ዛሬ?» አለች፤ ድምጿ ግን የቁጣ አልነበረም። «ለድግሱ እጠራሻለሁ። እስከዚያ ተከራይዋ አለችልኝ።»

ለዚህች ቀን ነበር የለፋሁት፤ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። ግን እግሯ እጄ ላይ እንዳለ ዓይኔ ሞላ። እነዚያን ወራት ሁሉ ንጋት ላይ ‹እሷ ትፈልገኛለች› እያልኩ ስነሳ አንድ ቀን እንኳ መነሳት አስጠልቶኝ አያውቅም። ለካ እኔንም ያስነሳኝ ይኸው ነበር። እናቴ እንባዬን አየች፤ እርጥብ እጄን ይዛ ቆየች።

«እሺ እማዬ» አልኳት፣ «ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

ዕለቱ ሰኞ ነበር፤ ገና አምስት ጠዋት አብሬያት እነሳለሁ።